ሽፋን ያልደረሰው መቀመጫ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር። ሰዓቱ እንዲህ በደቂቃ የታወቀው አይናዲስ በመዝገቧ ስላሰፈረችው ነው። በመድን ሥራ ቀን ብቻውን አይበቃም፤ ውሉ ከየትኛው ሰዓት ጀምሮ እንደሚጸና ካልተጻፈ፣ ከዚያ በፊት የተገለበጠ መኪና ከዚያ በኋላ ከተገለበጠው አይለይም። ይህን በንግድ ሥራ ኮሌጅ ሲማሩ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ አጥብቃ የያዘችው እሷ ነበረች። ሌላውንም ትምህርት እንደዚሁ አጥብቃ ስለያዘች አንደኛ ሆና ተመረቀች፤ ጓደኞቿ አዲስ አበባ ለመቅረት ደጅ ሲጠኑ እሷ «የመድን ቢሮ ወደሌለበት አገር ላኩኝ» ብላ በገዛ እጇ ማመልከቻ ጻፈች። አሰበ ተፈሪ ተላከች።

ቢሮው ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጎን የተከራየ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የጽሕፈት መኪና አለው። ከበሩ ውጭ ደግሞ ጋሽ ዘገየ አሉ፤ ዘበኛውም፣ ተላላኪውም፣ ጽዳቱም እሳቸው ናቸው። በአራት ወር ውስጥ ወደዚያ ክፍል የገባው ባለጉዳይ በጣት ይቆጠራል። የከተማው ሰው ቢሮውን አዲስ መዋጮ የሚሰበሰብበት ቦታ አድርጎ ስለገመተው፣ ከፊቱ ሲደርስ እግሩን ያፈጥናል። አይናዲስ የልብስ ሰፊውን መኪና ድምፅ በግድግዳው በኩል እየሰማች ትውላለች፤ ሱሪ ሲሰፋና እጅጌ ሲገጥም ድምፁን ለይታ እስክታውቅ ድረስ ለምዳዋለች።

በዚያ ማክሰኞ ጧት በሩ ላይ የቆመው ሰው ግን እግሩን አላፈጠነም። ረጅም፣ ሽበቱ ጺሙን የጀመረው፣ ሽርጥ ላይ ኮት የደረበ ሰው ነው።

«ጓድ መድን የሚባሉት እዚህ ናቸው?»

«የመድን ወኪሏ እኔ ነኝ። አይናዲስ እባላለሁ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አንቺ? ልጅ ነሽ እንዴ! እኔ ጺም ያለው ሹም መስሎኝ ኮት ተበድሬ መጣሁ።»

«ጺሙን ከፈለግህ እኔ አለሁ» አሉ ጋሽ ዘገየ ከውጭ።

«የአንተን ዓይነትማ ፍየሎችም አላቸው።» ሰውየው እየሳቀ ተቀመጠ። «አብዱልቃዲር እባላለሁ። ላንድሮቨር አለችኝ። ከገለምሶና ከበደሳ እጭናለሁ። ዘንድሮ የበደሳ መጋዘን ሰዎች የመድን ወረቀት የሌለው መኪና ቡና አይጭንም አሉ። እና ልጄ፣ ርካሹን ወረቀት ስጪኝና ልሂድ።»

አይናዲስ ይህን ቃል ስትጠብቅ ኖራለች። መመረቂያ ጽሑፏ ውስጥ «እድር የሚተዋወቁ ሰዎች መረዳጃ ነው፤ መድን የማይተዋወቁ ሰዎች እድር ነው» ብላ ጽፋ፣ መምህሯ በቀይ እርሳስ ከሥሩ አስምረውበታል። ከዚያ ወዲህ ይህን ዓረፍተ ነገር ለማንም ነግራው አታውቅም፤ የሚሰማት ሰው አላገኘችም።

«ርካሽ ብቻ አይበሉ፤ የሚገዙትን ይወቁት» አለች። የማኅተሙን ቆርቆሮ ሳጥን ከፊቱ አስቀመጠች። «ይህች የእርስዎ ላንድሮቨር ናት። ይህ ብርጭቆ ደግሞ የሌላ ሰው ንብረት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ውል ሙሉ ዋስትና ይባላል። ቢጋጩ፣ ቢገለበጡ፣ መኪናዋ ብትቃጠል ወይም ብትሰረቅ፣ ሳጥኑንም ብርጭቆውንም ድርጅቱ ይክሳል።»

«ስንት ነው?»

ነገረችው። አብዱልቃዲር ሳጥኑን አንስቶ አገላብጦ አየው። «በዚህ ዋጋማ ላንድሮቨሯን አንቺ ግዢኝ።»

«ሁለተኛው ብርጭቆውን ይክሳል፤ የእርስዎን መኪና ግን ከእሳትና ከስርቆት ብቻ ይጠብቃል።»

«የእኔን መኪና ማን ይሰርቃል? የማርሿን ጸባይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሌባው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሲደርስ አልቅሶ ይመልሳታል።»

ጋሽ ዘገየ በሩ ላይ ሆነው ሳቁ። አይናዲስም ሳቀች፤ ሳቋ ለራሷ ጆሮ እንግዳ ሆነባት።

«ሦስተኛው ለሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። በመኪናዎ ምክንያት ውጭ ያለ ሰው ቢጎዳ፣ አጥር ቢፈርስ፣ ከብት ቢሞት ድርጅቱ ይከፍላል። የራስዎ መኪና ግን በራስዎ ነው። በዓመት መቶ ሰማንያ ብር።»

«እንግዲህ የመጀመሪያው ለሹም፣ ሁለተኛው ለነጋዴ፣ ሦስተኛው ለአብዱልቃዲር ነው በይኛ!»

«በዚህ ላይ ተጨማሪ አለ፤ የተሳፋሪ ሽፋን። ለጭነት መኪና ሁሉ አብሬ እንድጽፈው ታዝዣለሁ። ሰባ ብር ነው።»

የሰውየው ሳቅ ቀዘቀዘ። «ሰባ ብር ለምን?»

«የማያስፈልግዎት ከሆነ አላስከፍልዎትም» አለች አይናዲስ። ይህ የምትኮራበት ነገር ነበር፤ ለማንም ሰው የማይሻውን ሽፋን እንደማትሸጥ ለራሷ ቃል ገብታለች። ቅጹን ወደ ራሷ አዙራ ጥያቄውን እንደታተመው አነበበች። «ተሽከርካሪው በክፍያ ሰው ያጓጉዛል?»

አብዱልቃዲር ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «በክፍያ? እኔ? ወላሂ፣ ከመንገድ ላይ ሰው ሳንቲም ተቀብዬ አላውቅም! ማነው እንዲህ ብሎ የነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም፤ የቅጹ ጥያቄ ነው።»

«ቅጹ አያውቀኝም። አባቴ በበቅሎ ዘመን እንኳ ከመንገደኛ አልተቀበለም።»

«እንግዲያው አያስፈልግዎትም።» ከጥያቄው ፊት «አያጓጉዝም» ብላ ጻፈች። «የተሳፋሪ ሽፋን» የሚለውን ረድፍ በማስመሪያና በቀይ ቀለም ቀጥ አድርጋ ሰረዘችው። ሰባ ብር አተረፈችለት። አብዱልቃዲር የተጣጠፈ ገንዘቡን ቆጥሮ ሲሰጣት፣ «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብሎ በኦሮምኛ አመሰገናት። «ቀጣፊ አይደለሽም። አላህ ያቆይሽ።»

ከሄደ በኋላ ልብስ ሰፊው እጅጌ ሲገጥም ይሰማ ነበር። አይናዲስ የውሉን ቅጂ ደጋግማ አነበበች። አንድም ስሕተት አላገኘችበትም።

*

ታኅሣሥ ሊያልቅ ደረሰ። አይናዲስ ከቤቷ ቢሮ፣ ከቢሮዋ ቤቷ ትመላለሳለች። አከራይዋ ወይዘሮ ጥሩነሽ ደግ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን ከመንግሥት ሠራተኛ ጋር ብዙ ማውራት ጥሩ እንዳልሆነ ዘመኑ ስላስተማራቸው፣ «እንዴት ዋልሽ» ብለው በራቸውን ይዘጋሉ። ገበያ ስትወጣ ሰው ሁሉ በኦሮምኛ ሲጫወት፣ ሲከራከር፣ ሲሳሳቅ ትሰማለች። እሷ ስትጠጋ በአማርኛ ዋጋውን ይነግሯታል፤ ትክክለኛውን ዋጋ፣ ሳይጨምሩ። ከዚያ ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። ማንም አልከፋባትም። ማንም ደግሞ አልጠራትም።

በወሩ መጨረሻ ሳምንት ሁለት የጭነት መኪናዎችን ለመመዝገብ ገለምሶ ወርዳ፣ ሥራዋ ሲረዝም አውቶቡሱ ጥሏት ሄደ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በመናኸሪያው ዳር ቦርሳዋን ታቅፋ እንደቆመች፣ ቡና የጫነች ላንድሮቨር አጠገቧ ቀጥ አለች።

«ጓድ መድን! ምን ጠፍቶሽ ነው እዚህ?»

«አውቶቡሱ አመለጠኝ፣ ጋሽ አብዱልቃዲር።»

«አውቶቡሱ አላመለጠሽም፤ እኔን ጠብቂ ብሎሽ ነው። ግቢ።»

ሂሳብ ልትሰጠው ቦርሳዋን ስትከፍት ተቆጣ። «ዝጊው! ሴት ልጅ አለችኝ፤ ድሬዳዋ ነው ያገባችው። እሷን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ገንዘብ ቢቀበላት ደስ ይለኛል?»

ቦርሳዋን ዘጋች። በደሳን አልፈው አቀበቱ ሥር ሲደርሱ፣ አንዲት ወጣት ሴት የማሽላ ከረጢቷን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀምጣ ቆማለች። እጇን አላነሳችም፤ አልተጣራችምም። አብዱልቃዲር ግን ከሩቅ ፍሬን መያዝ ጀመረ።

«ለምን ቆሙ?»

«ሸክሟን አውርዳለቻ!» አለ፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ እየገረመው። «በዚህ መንገድ አቀበት ሥር ሸክሙን ያወረደ ሰው የሾፌሩ እንግዳ ነው። አይለምንም። ጥሎት የሄደ ሾፌር በደሳ ገብቶ ሻይ የሚቀዳለት አያገኝም። ሙስሊማ ትባላለች፤ የበክሪ ሚስት ናት። ገበያ በዋለች ቁጥር የምትሳፈረው ከእኔው ጋር ነው።»

ሙስሊማ ከረጢቷን ከኋላ ጥላ በበሩ በኩል ገባች፤ አይናዲስን በዳሌዋ ገፋ አድርጋ ወደ መካከል አሸጋሸገቻትና በቦታዋ ተደላድላ ተቀመጠች። የቅቤና የአቧራ ሽታ ይዛ ገብታለች። የአይናዲስን ቀሚስ ሽንሽን በሁለት ጣቷ ይዛ መረመረች። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀች፤ አብዱልቃዲር ሳቀ።

«ምን አለች?»

«ይህቺ ልጅ ማን አላት? ትላለች።»

አይናዲስ መልሱን ፈለገች። እናቷ ደብረ ብርሃን ናት፤ ወንድሟ ከዘመተ ሁለት ዓመቱ። እዚህ ግን… «ይንገሯት፤ እዚህ ማንም የለኝም» አለች፣ ቀልድ ለማስመሰል እየሞከረች።

አብዱልቃዲር ሲነግራት ሙስሊማ አልሳቀችም። የአይናዲስን እጅ ከጭኗ ላይ አንስታ በራሷ ሁለት እጆች መካከል ያዘችና አንዲት አጭር ነገር ተናገረች።

«እኛ አለናት በላት፣ አለች» አለ አብዱልቃዲር፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

አይናዲስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፤ ዓይኗ ሞልቶ ስለነበር የሚታያት ነገር አልነበረም። በዚያው ቅጽበት ነበር ቀይዋ መስመር ትዝ ያለቻት። «ከተሽከርካሪው ውጭ ላለ ሦስተኛ ወገን» የሚለው የውሉ ቃል፣ ቁጥሩ ሳይቀር፣ በፊቷ ተነበበ። ሙስሊማ ከተሽከርካሪው ውጭ አይደለችም። እጇን ይዛት ተቀምጣለች። ቅጹ የጠየቀው ስለ ክፍያ ነው፤ ሰውየውም የመለሰው ስለ ክፍያ ነው። ሰው ይጭኑ እንደሆነ ግን እሷ አልጠየቀችም። ይህ መቀመጫ ምንም ሽፋን የለውም፤ ሽፋኑንም በማስመሪያ የሰረዘችው እሷ ናት።

«ጋሽ አብዱልቃዲር…»

«አቤት ልጄ?»

ብትነግረው ምን እንደሚሆን አሰበች። ወይ ሰባ ብር ጨምር ልትለው ነው፣ ወይ እነዚህን ሴቶች ከእንግዲህ አትጫን ልትለው ነው። ያን ጊዜ እንደገና ጓድ መድን ትሆናለች። ሙስሊማም ምን እንደተባለ ትጠይቃለች፤ ይተረጎምላታል፤ እጇንም ትለቃታለች። ነገ ቢሮ አስጠርቼ እነግረዋለሁ፤ ዛሬ ብቻ ይለፈኝ አለች በልቧ።

«ምንም አይደለም። አገሩ ያምራል ልልዎት ነው።»

«ያምራል እንጂ!» አለ አብዱልቃዲር፣ አገሩን ራሱ የሠራው ይመስል።

በማግስቱ አላስጠራችውም። በሳምንቱም አላስጠራችውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ላንድሮቨሯ በቢሮው ፊት ስታልፍ አብዱልቃዲር ሁለቴ ጥሩምባ ይነፋላታል፤ እሷም እጇን ታነሣለች። ሳምንቱን የምትቆጥረው በዚያች ጥሩምባ ነበር። ነገሩን በምታነሣበት ቀን ጥሩምባዋ የምትቀር መሰላት፤ ስለዚህ አንድ ቅዳሜ፣ ከዚያም ሌላ ቅዳሜ ጨመረች።

*

ቅዳሜ ጥር ፲፮ ቀን ጥሩምባው አልተሰማም። ሰኞ ጧት ጋሽ ዘገየ በሩን እንደከፈቱ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ነገሯት። ከበደሳ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎ፣ ላንድሮቨሯ የስልክ እንጨት ገጭታ ቦይ ውስጥ ወድቃለች። አብዱልቃዲር ግራ እጁ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። ሙስሊማ በተከፈተው በር ተወርውራ ሞታለች። በዚያው ቅዳሜ ቀብረዋታል።

አይናዲስ ቁጭ አለች። ልብስ ሰፊው በዚያ ቀን ሱቁን አልከፈተም፤ የሙስሊማ ዘመድ ኖሯል።

ጋሽ ዘገየ ሳይሄዱ ቆዩ። «ልጄ፣ ሰው የሚለውን ልንገርሽ። የጉማው ነገር ተነሥቷል። ለጠፋ ነፍስ ካሣው ነው፤ አገሬው እንደዚያ ካልታረቀ አይተያይም። አብዱልቃዲር ከዚያች መኪና በቀር ምን አለው? መድን ቢከፍል ግን…»

«መድኑ የሚከፍለው ውጭ ላለ ሰው ነው፣ ጋሽ ዘገየ።»

«ያንንማ ልልሽ ነው። መንገድ ዳር ቆማ ነበር ብለሽ ብትጽፊስ? ቦይ ውስጥ ነው የተገኘችው። ማን ያያል?»

የአደጋ ማስታወቂያው ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ተጎጂው አደጋው ሲደርስ የነበረበት ቦታ» ይላል አንዱ ረድፍ። አንድ መስመር ናት፤ ሦስት ቃል ይበቃታል። አይናዲስ ብዕሯን አነሣች፣ መልሳም አስቀመጠች፤ ቅጹን በቦርሳዋ ይዛ ሆስፒታል ሄደች።

አብዱልቃዲር ክንዱ በጀሶ ታስሮ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሚስቱ ረዲያ ከአልጋው ግርጌ ነበረች። አይናዲስን ሲያይ ጎን ያለውን ወንበር በዓይኑ አሳያት። «ነይ ልጄ። ነይ። አየሽው የመጣብንን?»

«አላህ ያጽናዎት» አለች፤ ቃሉ በአፏ አልተመቸም። ከዚያም እንደ ሥራዋ ጠየቀች። «ሙስሊማ የት ነበረች? እኔ ቃልዎትን ነው የምጽፈው።»

ረዲያ ለባሏ በኦሮምኛ ፈጥና አንድ ነገር አለችው። ጋሽ ዘገየ ያሉትን እሷም እንዳለችው ለማወቅ ቋንቋ አላስፈለገም። አብዱልቃዲር ራሱን ነቀነቀ።

«ከጎኔ ነበረች። ያን ቀን አንቺን ገፋ አድርጋ የተቀመጠችበት። ከመኪናዬ ውጭ ነበረች ብዬ ምዬ በክሪን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? እንግዳዬ ነበረች።» ቦርሳዋን አየ። «ወረቀቱ አይከፍልም አይደል?»

«አይከፍልም።»

«ገምቻለሁ። አንቺ ምን ታደርጊ? ወረቀት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንዲህ ተብሎ ነው የሚመጣው። አንቺማ ሰባ ብሬን እንኳ ያተረፍሽልኝ ልጅ ነሽ።»

ረዲያ ከግርጌ ሆና «ሻይ ላምጣልሽ?» አለቻት። አይናዲስ ማልቀስ ጀመረች፤ እነሱ ደግሞ፣ ሐዘን ላይ ያሉት ሰዎች፣ ያጽናኗት ጀመር።

ቢሮዋ ተመልሳ ቅጹን እንደ እውነቱ ሞላችው። ከዚያ በጽሕፈት መኪናው ላይ ለብቻው ደብዳቤ ጻፈች። «የተከበሩ ጓድ» ብላ ጀምራ፣ ውሉ ሲፈረም ለደንበኛው ሽፋኑን አሟልታ እንዳላስረዳች፣ የአገሩን ልማድ ሳትጠይቅ የተሳፋሪውን ረድፍ እንደሰረዘች፣ ጥፋቱ የደንበኛው ሳይሆን የእሷ መሆኑን ገለጸች። ስለዚህ ለሟቿ ቤተሰብ ድርጅቱ በልዩ አስተያየት እንዲክስ፣ ይህም ባይሆን ከደመወዟ እየተቆረጠ እንዲከፈል ለመነች። በመንገድ ላይ አውቃ ዝም ስላለችበት ቀን ግን አልጻፈችም። ያ ቃል ለዋናው መሥሪያ ቤት አልነበረም።

መልሱ በየካቲት አጋማሽ መጣ። ፖስታው ወፍራም ስለነበር ቸኩላ ቀደደችው። ውስጡ ቼክ ነበር፤ ለስልኩ እንጨት። እንጨቱ፣ የተበጠሰው ሽቦ፣ የሠራተኞቹ የቀን ሒሳብ አንድም ሳይጎድል በዝርዝር ተጽፏል። «ከተሽከርካሪው ውጭ ባለ ንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት በመሆኑ ተፈቅዷል» ይላል። ስለ ሙስሊማ አንድም ቃል አልነበረም፤ አይሆንም የሚልም እንኳ። አይናዲስ ፖስታውን አራግፋ በውስጡ ተመለከተች። ሥራው ሁሉ እንደ ደንቡ ተሠርቷል። እሷም ብትሆን ደንብ ጣሰ ብላ የምትከሰው ሰው አላገኘችም።

አዲስ እንጨት ተተከለ። ከአሮጌዎቹ መካከል ቀጥ ብሎና ቀይ ሆኖ ከሩቅ ይታያል።

*

ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ጉማውን ጨረሱ፤ ካሣው እንዲከፈል ላንድሮቨሯ ተጠግና ለአንድ የገለምሶ ነጋዴ ተሸጠች። በክሪና አብዱልቃዲር ተቃቅፈው ተላቀሱ ተባለ። ለአብዱልቃዲር የቀረለት ከመኪናዋ ጀርባ የነበረው አሮጌ አግዳሚ መቀመጫ ብቻ ነው፤ ነጋዴው «አልፈልገውም» ብሎ ጥሎለት ሄዷል። እጁ ከጀሶ ሲወጣ ጣቶቹ ማርሽ ለመያዝ እንደማይታጠፉ ታወቀ። በገበያ ቀን ከቢሮው ፊት በእግሩ ሲያልፍ ግን ቆም ብሎ ይጠይቃት ነበር።

«ደህና ነሽ ልጄ? ከሳሽ እኮ። ረዲያ ለምን አትመጪም ትላለች።»

ይህ ነበር የማትችለው። የከተማው ሰው ሁሉ ቢሸሻት፣ ልብስ ሰፊው ሰላምታዋን ባይመልስ ትችለዋለች። በዚያ ከተማ «ልጄ» የሚላት አንድ ሰው አለ፤ እሱም ልጄ የሚለው ስላላወቀ ነው። ዝም ብትል የእሱ ልጅ ሆና ትኖራለች። ማንም አይጠይቃትም፤ መዝገቡም ንጹሕ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ ባለመኪና ሁሉ፣ ጥያቄውን በቅጹ እንዳለ ሳይሆን በራሷ ቃል ትጠይቃለች፤ «አቀበት ሥር ሸክሙን ላወረደ ሰው ይቆማሉ?» ትላለች። ሁሉም ይቆማሉ። ሁሉም ሰባ ብሩን እያጉረመረሙ ይጨምራሉ። ይህ ግን ለሙስሊማ የሚደርስላት ነገር አልነበረም።

በመጋቢት አንድ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነጠላዋን ደርባ ወደ ቤታቸው ሄደች። ረዲያ በር ላይ ተቀብላ ሁለት ጉንጯን ሳመቻት። «መጣሽልን! እሱ ከጓሮ ነው፤ ግቢ፣ ግቢ።»

አብዱልቃዲር በአጥሩ ሥር፣ መንገዱን ፊት ለፊት በሚያሳየው በኩል፣ በዚያ አሮጌ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ወደ ጎን ጠጋ አለና ባዶውን ቦታ በማይታጠፈው እጁ መታ መታ አደረገላት።

«እዚህ ነይ ልጄ። መኪናዋ ባትኖርም ወንበሯ አለ።»

አልተቀመጠችም።

«ጋሽ አብዱልቃዲር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት ነው የመጣሁት። ቆሜ ልንገርዎት።»

«ምነው? ሊያዛውሩሽ ነው?»

«አይደለም። ከገለምሶ ያመጡኝ ዕለት… ሙስሊማ እጄን እንደያዘችኝ፣ ያ መቀመጫ ሽፋን እንደሌለው ያን ጊዜ አወቅሁ። ቁጥሩ ሳይቀር ትዝ አለኝ። ልነግርዎት ስጠራዎት አቤት አሉኝ።»

አብዱልቃዲር ግንባሩን ሰብሰብ አደረገ፤ ያን ቀን የሚፈልግ ይመስል ነበር። «አገሩ ያምራል ነው ያልሽኝ።»

«አዎን።»

«ከዚያስ በኋላ? ስንት ቅዳሜ ነው?»

«አራት።»

እጁ ከአግዳሚው ላይ ተነሥቶ ጉልበቱ ላይ አረፈ። ረዲያ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ከቤቱ ጥግ ብቅ አለችና፣ ሁለቱን አይታ፣ ባለችበት ቆመች።

«ብነግርዎት የሚያርቁኝ መሰለኝ» አለች አይናዲስ። ያዘጋጀችው ንግግር ረጅም ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹን በመንገድ ላይ አንድ በአንድ አስተካክላ ነበር፤ አሁን ግን ከዚህ በቀር የመጣላት አልነበረም። «ፈርቼ ነው። ሰው እንዳላጣ ፈርቼ ነው።»

ከበደሳ በኩል የመኪና ድምፅ መጣ። ቁልቁለቱን ጨርሶ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ እንደሚያቃስት ሽማግሌ አቃሰተ። አብዱልቃዲር ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። ላንድሮቨሯ ከአጥሩ ማዶ አቧራ አስነሥታ አለፈች፤ ከነጋዴው ሾፌር ጎን አንዲት ሴት በበሩ በኩል ተቀምጣለች።

አይናዲስ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ አገሬው በዳይ ተበዳዩን እንዴት እንደሚለምን ከጋሽ ዘገየ እንደተማረችው፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ በጉልበቷ ዝቅ አለች።

«ጋሽ አብዱልቃዲር፣ አፉ ይበሉኝ።»

እሱ መንገዱን ያይ ነበር። አቧራው ቀስ እያለ አጥሩ ላይ ወረደ፤ በረዲያ እጅ ላይ ያለው ሻይ መትነኑን ተወ።

«አፉ ይበሉኝ» አለች አይናዲስ ዳግመኛ።